ወጌሻው ያሻት ትከሻ

ሐዋሳ ውስጥ ሜዳ ቴኒስ የሚጫወት ሰው ጥቂት ነው፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ አትገኝም። እኔ ያደግሁት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሜዳ ላይ ለትልልቅ ሰዎች ኳስ እየለቀምኩ ነው። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ከታቦር ኮረብታ እየሮጥኩ እወርዳለሁ፣ እነሱ ሲደክማቸው አሮጌ ራኬት ያውሱኛል፣ እኔም እስኪመሽ ድረስ ከግድግዳው ጋር እታገላለሁ። እናቴ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። አንድ ቀን ደንበኛዋ “ልጅሽን በቁምጣ ስትዘል አየኋት” ብላ አሳበቀችብኝ። ቤት ስገባ የጠበቀኝን ባልናገር ይሻላል። ራኬቱን ግን አልተውኩም። ግትር ነኝ፤ እሱንም የወረስኩት ከእናቴው ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ የመጀመሪያውን ዋንጫ ይዤ ስመለስ እናቴ ቀና ብላም አላየችኝ። በዓመቱ ሁለተኛውን ሳመጣ ግን፣ የፊተኛውን ዋንጫ ሱቋ ውስጥ ከአቡጀዲው ጣቃ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ኋላ ስሰማ ለገዢው ሁሉ “የልጄ ነው” ትል ነበር አሉ።

ከዚያ መውደቅ መጣ። ውድድር ጠፋ፤ ኳሶቹ ፀጉራቸው አልቆ ራሰ በራ ሆኑ፤ ሜዳው ሳር አበቀለ። በስንት ጊዜ አንዴ ውድድር ሲገኝ በአንዲት ልጅ እግር ተሸነፍኩ። ትናንት አቅፎ ሲስመኝ የነበረ ሰው ሁሉ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር። ሳሩን በገዛ እጄ ነቅዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ሠራሁ፤ በቀጣዩ ውድድር ያችኑ ልጅ አሸንፌ ዋንጫዬን አስመለስኩ። ወዲያው የብሔራዊ ቡድን ምርጫ መጣ። ያለፈች ውጭ አገር ወጥታ ትጫወታለች። ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ላይ ኳስ ወደ ላይ ወርውሬ ስመታ ቀኝ ትከሻዬ ቀጭ አለ። አሠልጣኙ “ማንም እንዳይነካው፤ ቀጥ ብለሽ ሆስፒታል ሂጂና ራጅ ተነሺ” አለኝ። እኛ ቤት ግን የወደቀ ሰው ወጌሻ ጋ ነው የሚሄደው፤ ሆስፒታል የሚታሰበው ወጌሻው ሲያቅተው ነው። እናቴ በገበያ ቀን፣ ለሞት ካልሆነ የማትዘጋውን ሱቅ ዘግታ፣ ባጃጅ ይዛ መጣች። “ሆስፒታል ከገባሽማ በጄሶ ጠፍረው ያስቀሩሻል። መቼ ልትጫወቺ ነው?” አለችኝ። ስለ ጨዋታዬ ተጨንቃ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት?

ወጌሻው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ፣ እጃቸው የተመሰከረላቸው ሽማግሌ ናቸው። ትከሻዬን በቅቤ አሹት፤ “ወልቃለች፤ ትገባለች” አሉ። ክንዴን ይዘው ሲስቡ ዓይኔ ጨለመ። “አባባ፣ ቀስ ይበሉ” ስል እናቴ ራሴን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘች። “አይዞሽ ልጄ፣ ትጫወቻለሽ” አለችኝ። ያን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ። ስለዚህ ቻልኩት።

ምርጫው ላይ ኳሱን ወረወርኩ፤ እጄ ግን ከጆሮዬ በላይ አልሄድ አለ። እንደ ሕፃን ከታች ወደ ላይ እየመታሁ አቀበልኩ። ተመልካቹ ሳቀ፤ እኔም ራኬቴን አስቀምጬ ወጣሁ። በኋላ ያየኝ ሐኪም ትከሻዬ ወልቆ እንዳልነበረ ነገረኝ፤ ጅማቱ ነበር የተቀደደው፣ የወጌሻው መሳብ ደግሞ ጨርሶ በጠሰው። “ሳታስነኪው መጥተሽ ቢሆን ኖሮ…” ብሎ ተወው። እናቴ ኮሪደር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። “ዕረፍት ያስፈልገዋል አለኝ” አልኳት።

አሁን ልጆችን በግራ እጄ አሠለጥናለሁ። ቀኙ ከፍ ስለማይል ፀጉሬን እንኳ አልሠራም፤ እሑድ እሑድ የምትሠራኝ እናቴ ናት። ለምን እንደማልችል ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ይባስ ብላ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ “ያ ወጌሻ ባይኖር ልጄ እጅ አልባ ቀርታ ነበር” ትላለች። አንዳንዴ ያን ነገር ደጋግማ ስትል ጥያት ብጠፋ ደስ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ስትሠራኝ አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ከደረጃ ወድቃ ክንዷ አብጧል። “እትዬ፣ ያንን የልጅዎን ወጌሻ ቤት ያሳዩኝ” አለች።

የእናቴ ጣቶች ፀጉሬ ውስጥ ቆሙ።

“ሆስፒታል ውሰጃት” አለች።

“እንዴ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ሲያሞግሱት የኖሩት።”

“ነገርኩሽ። ማንም ሳይነካት፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት።”

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ልጇን ይዛ ወጣች። ለካ እናቴ ታውቅ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት እያወቀች ነው ስታወራ የኖረችው። ልቆጣ ፈለግሁ። ዞሬ ላያት ስል ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት መለሰችው። ከዚያ የሠራችውን ሹሩባ ፈታችና ከመጀመሪያው ጀመረች።