ቁልፉ በእጄ፣ ልጄ በመኪናው

ነገሩ ከደረሰብኝ ገና ዓመት አልሞላውም። ማንም አልተጎዳም፤ መኪናዋም ዛሬ ትሄዳለች። ግን ያቺን ቅዳሜ ጠዋት ዛሬም አልረሳኋትም። የማልረሳት ደግሞ ስለ ፍርሃቱ ብቻ አይደለም።

ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ አሮጌ የናፍጣ መኪና አለችኝ። ጋራዥ መመላለስ ሲሰለቸኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ራሴው እጠግናት ጀመር። የኋላ በሯን “ጠገንኩት”፤ ከዚያ ወዲህ ከውስጥም ከውጭም እንደ ልብ አይከፈትም። ባለቤቴ “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ስትለኝ እስቅ ነበር።

በተለይ ዘይቷን እከታተል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በራችን ላይ፣ ዳገቱ ላይ እንደቆመች፣ የዘይት መለኪያዋን መዝዤ አያለሁ። ሁልጊዜ ጎድሎ አገኘዋለሁ፤ እጨምራለሁ። “ይቺ መኪና ዘይት ትጠጣለች” እያልኩ አማታለሁ እንጂ የቆመችበት መሬት ዘመም ማለቱ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። የመሬት አቀማመጥ የማስተምረው ሰውዬ እኔ ነኝ!

የዚያን ቀንም ዘይት ጨመርኩና ዓሣ ልንገዛ ወደ አሞራ ገደል ለመሄድ ተነሣን። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሜሮን ከኋላ ተቀምጣ፣ እንደ ልማዷ መስኮቱን እስከ ታች አውርዳዋለች። ሞተሩን አስነሣሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ በራሱ ጊዜ ከፍ ማለት ጀመረ። እግሬን አየሁት፤ ነዳጅ መስጫው ላይ የለም። ድምፁ ግን ይብሳል። ቁልፉን ብዘጋው ሞተሩ አልጠፋም። ነቀልኩት። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፤ ሞተሩ ይጮሃል! መኪናዋ ትንዘፈዘፋለች፤ ጭሱ መንገዱን ሞላው፤ አጠገባችን የነበረው ባጃጅ እግሬ አውጪኝ አለ። ሊፈነዳ ነው ብዬ በሩን ከፍቼ ወረድኩና ሮጥኩ።

አዎ፣ ሮጥኩ። ልጄን ትቼ።

አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል “አባዬ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክው አልኩ። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። የኋላ በሩን ብጎትት፣ ብጎትት እምቢ አለኝ። በመጨረሻ በመስኮቱ ብብቷን ይዤ ስቤ አወጣኋትና ለጎረቤት ሴት ሰጠኋት።

ሰው ሁሉ ሲሸሽ አንዲት ሴት ግን ወደ መኪናዋ ይሮጡ ነበር። ከቤታችን በታች ወፍጮ ቤት ያላቸው እማማ ሩቅያ ናቸው። ፊታቸው ዱቄት በዱቄት ሆኗል፤ በእጃቸው የዱቄት ሳጥናቸውን የእንጨት ክዳን ይዘዋል።

“ኮፈኑን ክፈት!” አሉኝ።

“እማማ፣ ይሽሹ! ሊፈነዳ ነው!”

“ክፈት አልኩህ!”

መክፈቻው ያለው ከመሪው ሥር ነው። ወደዚያ ጭስ ተመልሼ ገባሁ። “ጌታ ሆይ” እያልኩ ሳብኩት። ኮፈኑን እንዳነሣሁ እማማ አየር ማስገቢያውን አሳዩኝና ወፍራሙን የጎማ ቱቦ እንድነቅለው አዘዙኝ፤ ነቀልኩት። “እጅህን እንዳታስጠጋ!” አሉና “ቢስሚላህ” ብለው ክዳኑን የአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ለጠፉት። ሞተሩ አንዴ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥ አለ።

ዝምታው ራሱ አስፈራኝ። መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

“ዘይት አብዝተህበታል” አሉኝ። “ሞተሩ የራሱን ዘይት መብላት ከጀመረ ቁልፍ አያቆመውም። አየር ነው የሚከለከለው።” ቀጥለውም “ለመሆኑ የት አቁመህ ነው የምትለካው?” ብለው ጠየቁኝ። ዳገቱን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ስትሮጥ አይቼሃለሁ” አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

“የኛም ወፍጮ ድሮ በናፍጣ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ሞተሩ እንዲህ አበደ። እኔ ሮጬ ወጣሁ፤ ባሌ ላቆመው ብሎ ቀረ። ፈንድቶ ገደለው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “አንተ ግን ተመለስክ። እኔ አልተመለስኩም” አሉኝ።

 የተቃጠለ ዘይት ያጠቆረውን እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ።

ዛሬ ዘይት የምለካው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ለጥ ያለ ቦታ ላይ ነው። እማማ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ክዳኑን በአዲስ ልቀይርልዎት ብላቸው እምቢ ብለዋል፤ ክቡ ጥቁር ምልክት እስካሁን አለበት። በሩን ግን ባለሙያ ሠርቶታል።

ሜሮን ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ “አባዬ በመስኮት አወጣኝ” እያለች ታወራለች። እንግዶቹ “ጎበዝ አባት!” ይሉኛል። እኔ አቀረቅራለሁ። እነዚያን አሥር እርምጃዎች ከእማማ ሩቅያ በቀር ማንም አያውቃቸውም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም፤ ይህን ስታነብ ነው የምትሰማው።