ለኤፍሬም ኮረብታ የሚሆን ጠብመንጃ

ዌንደል ስትሪክለር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበር። ጠዋት የሸለቆውን ልጆች ይሰበስባል፣ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ይመልሳል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የራሱ ነው። ያንን ጊዜ ከአባቱ በወረሰው ልማድ ያሳልፈዋል። በገበሬዎች ማሳ ጥግ በሆዱ ተኝቶ ቆፋሪ ይጠብቃል።

ቆፋሪ ሽኮኮ የሚመስል፣ ከድመት የሚወፍር ቡናማ አውሬ ነው። ሣር ይበላል እንጂ ማንንም አይተናኮልም። ክፋቱ ጉድጓዱ ነው። የሰው ጭን የሚያስገባ ቀዳዳ በረጅም ሣር መካከል ከፍቶ ይተወዋል፤ ማጨጃ የሚጎትት ፈረስ ደግሞ ከሣሩ በታች ያለውን አያይም።

በዚያ ዓመት በጸደይ መግቢያ ላይ የኤፍሬም ባዝራ እግሯ እንዲህ ካለው ጉድጓድ ገብቶ ተሰበረ። ኤፍሬም ሃይማኖታቸው ሞተር ከሚከለክላቸው ከአሚሾች ወገን ነው፤ ትራክተር አይነዳም፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በፈረስ ነው። ባዝራይቱን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን ዌንደልን አጥሩ ላይ ጠበቀው።

«ሁለት ወጣት ባዝራዎች ገዝቻለሁ» አለ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ወደዚያ ኮረብታ ላወጣቸው ነው። ካልጸዳ ግን አላወጣቸውም። ያለዚያ ድርቆሽ ደግሞ ከላሞቼ ግማሹን መሸጥ አለብኝ።»

«መርዝ አላሰብክም?»

«ልጆቼ እዚያ እንጆሪ ይለቅማሉ። መርዝ አይሆንም። ቆስሎ የሚጎተትም አልፈልግም፤ ባለፈው ዓመት ትንሿ ልጄ አንዱን አግኝታ እስኪመሽ አለቀሰች። ወይ ባንዴ ይሙት፣ ወይ ተወው ዌንደል።»

ያቆሰለው ዌንደል ራሱ ነበር። የአባቱ ጠብመንጃ ለአጋዘን የተሠራ ነው፤ አፈሙዙም ከውስጥ ተበልቷል። የኤፍሬም ቆፋሪዎች ደግሞ ሰው ለምደው ብልጥ ሆነዋል። ከኮረብታው ሥር ካለው ገደል ማዶ ቁጭ ብለው ኩባያ የምታህል ራስ ብቻ ብቅ ያደርጋሉ። እንዲያ ላለው ነገር ጥይቷ ከታሰበችበት ንቅንቅ የማትልበት ጠብመንጃ ያስፈልጋል። ዌንደል በዕድሜው እንዲህ ያለ ጠብመንጃ መግዛት የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወደ ሌስተር የብረታ ብረት ሱቅ ሄደ። ሌስተር ከመደርደሪያው አንዱን አወረደለት።

«ይኸውልህ፣ የፋብሪካ ሥራ። አፈሙዙ ወፍራም ነው፤ ደጋግመህ ብትተኩስበት ግሎ አይጣመምም። ምላጩ ለስላሳ ነው። ዛሬ ከፍለህ ዛሬ ይዘህ ትሄዳለህ።»

ዌንደል ጠብመንጃውን አገላብጦ አየና ከኪሱ አንድ ዶላር አውጥቶ በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል አስገባው። አፈሙዝ እንጨት ከነካ ሲግል ይገፋዋል፤ ጥይቷም ትስታለች። ዶላሩ ግማሽ መንገድ ተንሸራቶ ተያዘ።

«ሌላው ሰው ዶላሩን ለኔ ይሰጣል፤ አንተ ጠብመንጃ ታጎርሳለህ» አለ ሌስተር።

«ጠብመንጃ ሠሪው ማህሎን ነው ያስተማረኝ።»

ሌስተር ቀኝ እጁን ከባንኮኒው በላይ አንሥቶ አንቀጠቀጠው። ለማሾፍ አልነበረም፤ ቃሉን በአፉ ማውጣት ስላልፈለገ ነው። «ከሱ ዘንድ ያዘዙ ሦስት ሰዎች ዘንድሮ ከኔ ገዙ» አለ ቀስ ብሎ። «ቡና ቤቱ ውስጥ አላየኸውም?»

አይቶታል። ማህሎን ጌርሃርት የሸለቆው ጠብመንጃ ሠሪ ነው። ድሮ ኩባያውን ከፍ አድርጎ ይዞ ቀልድ የሚያወራ ሰው፣ ከገና ወዲህ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛ በታች ደብቆ በግራው ነው የሚጠጣው። ያ እጅ በጭኑ ላይ ብቻውን እንደ ቅጠል ሲርገበገብ ዌንደል በጎን አይቶ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ነገሩን ለሚስቱ ለሎሬታ አወራት። ፋብሪካ ብዙ ጠብመንጃ ባንድ ቀን ያወጣል፤ ከመካከላቸው አንዳንዱ ድንቅ ነው፣ ብዙው ደህና ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለሌላ አይሆንም። የትኛው እንደ ደረሰህ የምታውቀው ከፍለህ ከወጣህ በኋላ ነው። በእጅ የሚሠራው ግን አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶት፣ አፈሙዙን ከመሐል መስመሩ ሳያዛንፍ ገጥሞ፣ እንጨቱን በአንተ ጉንጭ ልክ ጠርቦ ነው የሚያስረክብህ። የዚያ ሰው እጅ ከተዛነፈ ግን ሁሉም አብሮ ይዛነፋል።

ሎሬታ ድንች መላጧን ሳታቋርጥ ሰማችው።

«ያንን አሮጌ ብረት ከተጋባን ጀምሮ ሳሎኔ ውስጥ ስትወለውል ኖረሃል፤ አዲስ ብትገዛ አይከፋኝም» አለች። «ግን ልጠይቅህ፤ ጠብመንጃ ልታሠራ ነው ወይስ ማህሎንን ልታስታምም?»

«ሁለቱም አይሆንም?»

«የኤፍሬም ባዝራዎች ይሆናል ካሉህ ይሆናል።»

በማግስቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ማህሎን ሄደ። ሽማግሌው በሥራ ቤቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጧል፤ እጁ ጭኑ ላይ ይርገበገባል።

«ሌስተር ጋ ነበርክ» አለ ማህሎን።

«ማን ነገረህ?»

«መኪናህ ከደጁ ላይ ቆማ አየኋት። ሚስማር መግዛት ያን ያህል አይፈጅም።»

ዌንደል መንገዱን ሙሉ ያጠናው ንግግር ጠፋበት። «ማህሎን፣ አንድ ጠብመንጃ ሥራልኝ። አትቸኩል፤ ሲመችህ።»

«ሲመችህ?» ማህሎን ፈገግ አለ። «አንተ ሰው፣ ስታዝን ድምፅህ ይቀጥናል። የአውቶቡሱ ልጆች አልነገሩህም? ለማስታመሚያ ብለህ ከሆነ ሾርባ አምጣልኝ። ጠብመንጃውን ከሌስተር ግዛ፤ መጥፎ አይደለም። ለመሆኑ ለምንድን ነው የፈለግኸው?»

ዌንደል ስለ ኤፍሬም ኮረብታ ነገረው፤ ስለ ሞተችው ባዝራና ስለ ትንሿ ልጅም ጨምሮ። ማህሎን ቀልዱን ተወ። ተነሥቶ ከቶርኖው ማሽን ላይ የቆየውን ጨርቅ ገፈፈ። ከሥሩ ወፍራም አፈሙዝ ታስሮ ተቀምጧል፤ ካዘዙት ሦስቱ ሰዎች አንደኛው ትቶት የሄደ፣ ገና ያልተገጠመ። ማሽኑን አስነሥቶ እጁን ወደ መዘውሩ ዘረጋ። እጁ በአየር ላይ ይርገበገባል። መዘውሩን ሲጨብጥ ቀጥ አለ።

ዌንደል ተጠግቶ አየ። ከአፈሙዙ ላይ የብረት ቅርፊት እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ ሳይቆራረጥ ተጠምዝዞ ይወርዳል። አሮጌው አውቶቡሱ ትዝ አለው። ቆሞ ሲሠራ መስኮቶቹ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ ማርሽ ገብቶ ሸክም ሲጎትት ጸጥ ይላል። በቆመበት ብቻ ያየው ሰው ደህና ነው ብሎ አይሳፈርበትም።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ሥራ ስትፈታ ይብስብሃል አለኝ። ሚስቴ በየቀኑ የምትለውን ለመስማት ከተማ ድረስ ሄድኩ።» ማህሎን ማሽኑን አጠፋ። እጁ ከመዘውሩ ሲለቅ እንደገና ጀመረ። «አሁን ሥራ ላይ ይታዘዘኛል። አንድ ቀን ግን መዘውር ጨብጦም አይታዘዝም። ሰው የራሱ ሥራ ሲያረጅበት አያየውም፤ ስለዚህ አንተ ትነግረኛለህ። ሌስተር አይደለም፣ ሚስቴም አይደለችም። እሺ ካልክ እሠራልሃለሁ።»

«እንዲህ ያለውን እንዴት ብዬ እነግርሃለሁ?»

«በአፍህ።»

ዌንደል ከወለሉ አንድ የብረት ቅርፊት አንሥቶ አገላበጠ። ከዚያ «እሺ» አለ። ድምፁ እንዳልቀጠነ ልብ አለ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጣ በሥራ ቤቱ ወለል ላይ በሆዱ ይተኛል። ማህሎን ሰደፉን ትከሻው ላይ ያስደግፍና ጉንጩ የሚያርፍበትን በእርሳስ ያሰምራል። ጥቁሩን የዋልነት እንጨት ሞርሳ ላይ አስሮ በመሮ ይጠርበዋል። «አንገትህ የዝይ ነው» ይለዋል። «አባትህ ይህን አንገት ሰጥቶህ እንዴት ያን አጭር ጠብመንጃ አወረሰህ?»

የኤፍሬም ሣር ከጉልበት ሲያልፍ ጠብመንጃው አለቀ። ሁለቱም ወደ ማህሎን ጓሮ ወጡ። የወረቀት ኢላማ ከሩቅ ሰቀሉና ዌንደል በሆዱ ተኝቶ አምስት ጊዜ ተኮሰ። ሄዶ ሲያየው ቀዳዳዎቹ በወረቀቱ ላይ እንደ ተዘራ እህል ተበትነዋል። ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ቃሉን መፈጸም ያለበት በመጀመሪያው ቀን መሰለው።

«ማህሎን» ብሎ ጀመረ።

«ገና አትናገር። ዶላር አለህ?»

ማህሎን ዶላሩን በአፈሙዙ ሥር አንሸራተተው። ከጫፉ ጥቂት ሲቀረው ተያዘ። «ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር» አለ። «እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። ዘይት አጠጥቼ ጥቂት ቀን ማቆየት ነበረብኝ፤ አጨዳው ደረሰ ብዬ እኔም ቸኮልኩ።»

የብርጭቆ ወረቀት በእርሳስ ላይ ጠቅልሎ ያንን ቦታ ይፈገፍግ ጀመር። ዌንደል ዓይኑን ከእጁ አላነሣም። እጁ አንዴም አልሳተም። ዶላሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ ማህሎን ዘይት ቀባበትና ሁለት ቀን አሳደረው።

በሦስተኛው ቀን ዌንደል ሲተኩስ ማህሎን ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አምስቱ ጥይት ባንድ ቀዳዳ ገቡ፤ ቀዳዳውን አውራ ጣት ይከድነዋል። ዌንደል ወረቀቱን አምጥቶ ጭኑ ላይ አኖረለት። እጁ ሲርገበገብ ወረቀቱም አብሮ ተንሿሿ።

ቀጥሎ ያሉትን ጠዋቶች ዌንደል በኮረብታው ፊት ለፊት አሳለፈ። በመግደል አይደሰትም ነበር፤ እንደ ወጣትነቱ አልነበረም። ቆፋሪው ብቅ ብሎ በኋላ እግሩ ቆሞ ጠዋቱን ሲያሸት እሱም ያሸተው ነበር፤ ጤዛውንና የማሳውን ሽታ። ከዚያ ምላጩን ይነካል። ከወደቁት አንድም ወደ ጉድጓዱ የተጎተተ አልነበረም። ቦታው ሲጸዳ ከኤፍሬም ጋር ጉድጓዶቹን በአካፋ ሞሉ።

ኤፍሬም ወጣቶቹን ባዝራዎች ጠምዶ ወደ ኮረብታው ሲወጣ ዌንደል አጥሩ ላይ ተደግፎ ይመለከት ነበር። ሰኮናቸው በሣሩ ውስጥ ገብቶ በወጣ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። የመጨረሻው መስመር ታጭዶ ማጨጃው ሲቆም ኤፍሬም ፈረሶቹን አሳርፎ ባርኔጣውን አውልቆ አሳየው። ትንሿ ልጅ ከኋላው እንጆሪ በሳህን ይዛ ትመጣለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዌንደል ቡና ቤት ሲገባ ማህሎን እንደ ወትሮው ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ቀኝ እጁን ግን ከጠረጴዛው በላይ አድርጎታል። ኩባያው በሳህኑ ላይ ቅጭል ቅጭል ይላል፤ ከማዶ የተቀመጠው ሌስተርም ሰምቶ ቀና አለ።

«ሌስተር» አለ ማህሎን፣ «ከሸጥክላቸው ሰዎች የጠብመንጃው ሰደፍ ረዘመብን የሚሉ ካሉ ላካቸው። አሳጥርላቸዋለሁ።»

ሌስተር መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ዌንደልን አየና «እልካቸዋለሁ» አለ።

ዌንደል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማህሎን የራሱን እጅ አይቶ ዓይኑን ወደ እሱ አነሣ፤ ጥያቄው ምን እንደሆነ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ገና ነው» አለ ዌንደል፣ ባልቀጠነ ድምፅ፣ ቡናውንም አዘዘ።