ለእርድ የተቀጠረችው አሳማ

ዛሬ ከሰዓት ለእርድ ልትጫን የነበረችን አሳማ ጡት ጠዋት ጫን ሳደርገው ወተት ወጣ።

አሳማዋ የቸርቻችን ሰው የጋሼ መኮንን ናት። ጡረታ ሲወጡ ከሎስ አንጀለስ ውጭ ትንሽ መሬት ገዝተው ነው አሳማ የሚያረቡት። እኔ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነኝ፤ የሰው ማለቴ ነው። የሄድኩት ልጠይቃቸው ነበር።

«ይቺ መካን ናት፤ ዝም ብላ ትወፍራለች። ገዢው ከሰዓት ይመጣል» አሉኝ።

አሳማዋ ግን ጭድ በአፏ እየሰበሰበች ጥግ ላይ ትከምራለች።

«ከአውራው ጋር ከተገናኘች ወዲህ ድጋሚ ወንድ ፈልጋለች?»

«ኧረ በፍጹም! ሦስት ወር አለፋት።»

«እና ጋሼ፣ አርግዛለቻ!»

ጡቷን ያየሁት ያኔ ነው። ጎግል ሳደርግ፣ ወተት ከመጣ ምጡ በአንድ ቀን ውስጥ ነው ይላል። ሶ፣ ቶሎ ደረቅ ጭድ አነጠፍን፤ ለግልገሎቹ የማሞቂያ መብራት ሰቀልን፤ ስትተኛ እንዳትጫናቸው በግድግዳው ዙሪያ ጣውላ መታን።

ስምንት ወለደች። አንዱ አልተነፈሰም ነበር፤ አፍንጫውን ጠርጌ በፎጣ አሸሁት፤ ጮኸ።

ገዢው ሲደውል ጋሼ «ሶሪ፣ አራስ ናት» ብለው ዘጉት።

አሁን ከተማ ተመልሼ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ራቴን እየጠበቅኩ ነው፤ የት እንደዋልኩ ለአስተናጋጇ አልነገርኳትም።

ከሰው ውጭ ያዋለዳችሁ ካላችሁ እስኪ ጻፉ፤ ብቻዬን አልሁን።