ቅጠል አልባዋ አበባ

አሰላ ተመድቤ ስመጣ የአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ከጓሮው ዝግባ ሥር ሰኔ ሲገባ አንዲት ገርጣ ያለች አበባ ብቅ ትላለች፤ ቅጠል የላትም፣ አረንጓዴ ነገር ጭራሽ አይታይባትም። ቅጠል ከሌለ ደግሞ ከፀሐይ ምግብ መሥራት የለም። የምትኖረው የረገፈውን ቅጠል በሚያበሰብሰው የአፈር ፈንገስ ነው። ይህን ሳስረዳቸው እማማ፣ እንደ እኔ በጎረቤት እርዳታ የምትኖር ናታ ብለው ሳቁ።

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ፣ አበባዋ በወጣች ቁጥር እጃቸውን ይዘው እየወሰዱ ያሳዩዋቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ የእማማን ዓይን ሞራ ጋረደው። ዘንድሮ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲደርሳቸው፣ ከዳንኩ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው አሉኝ። ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ወጣች። ቶሎ ነው የምትረግፈው፤ ሆስፒታል ሲሄዱ አደራ አሉኝ፣ እኔም ዙሪያዋን ድንጋይ ደረደርኩ።

ሊመለሱ በነበረበት ቀን ፈተና ሳርም ውዬ ስገባ ግቢው ጥርት ብሏል። እዚህ ታማሚ ሲመለስ ጎረቤት ግቢውን አጽድቶ ነው የሚቀበለው። የጸሎት ቤታቸው ሴቶች ከዝግባው ሥር የዓመታቱን ቅጠል ዝቀው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀውታል። አበባዋም አብራ ሄዳለች፤ የጠወለገ አረም መስሏቸው። ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ አፌ አያርፍም፣ ግን እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ ሆኖ ደስ ብሏቸው ሲያዩኝ ምን ልበል? ዋጥኩት።

እማማ ፋሻው ተነሥቶላቸው ገቡ፤ ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ። ባዶውን መሬት ቆመው አዩት፣ በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ። ሥሯ አፈር ውስጥ ተርፎ ከሆነ ከርሞ ትወጣ ይሆናል አልኳቸው። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ከርሞ ማለቴ ራሴን አሳፈረኝ።

እሳቸው ግን አንዱን ከረጢት ፈተው ቅጠሉን በእፍኛቸው እየዘገኑ ወደ ቦታው መመለስ ጀመሩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ፣ ገና በደንብ አያዩም ብላ ነው መሰለኝ፣ ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ፣ "እማማ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው" አለቻቸው።

"እያየሁት ነው ልጄ" አሉ። "ምግቧ ነው።"

ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ አስጠንቅቋቸዋልና ከረጢቱን ተቀበልኳቸው። ሴቶቹም ሌሎቹን እየፈቱ አብረውኝ መበተን ጀመሩ። እኔ ግን እንባዬ መሬቱን አላሳየኝ አለ።