የከድጃ ሠርግ ቡላ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። እናቴ ራህማት፣ ንጽሕናዋ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስፈራ ሴት። አባቴ ሸምሱ፣ መርካቶ ቆርቆሮና በርሜል እየነገደ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሰው። ታላቅ እህቴ ከድጃ። አጥሯ ከአጥራችን የተያያዘው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ። ከድጃን ያጨው የዘይነባ ልጅ ናስሩ። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ከሴቶች ሥራ መሐል ያልተባረርኩ ትንሽ ልጅ፣ ዛሬ ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ውስጥ ብርድ ልብስ የምሸጥ የልጆች አባት።

በቀደም እሑድ ሴት ልጄ ሀያት እዚሁ ከተማ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ፓንኬኳ ላይ የምታፈሰው ቡናማ ነገር በጠርሙስ ይዛ ቀረበች። እኔ ትምህርት ቤት ሳልዘልቅ፣ በዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣና በካርቶን ጽሑፍ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ቤቴ የገባ ነገር ጀርባው ሳይነበብ አይበላም። ፊቱ ላይ ትልቅ ቅጠል ተሥሏል፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ስኳር፣ ውሃ፣ ቀለምና የሜፕል ጣዕም ይላል።

«ይኸውልሽ፣ ዛፍ የሚባል የለበትም» አልኳት።

«አባ፣ ፕሊስ! ፖሊስ ነህ እንዴ?» አለችና እውነተኛው እንዴት እንደሚሠራ ልታሳየኝ ስልኳን ከፈተች። በረዶ በሸፈነው አገር ሰዎች ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ይበሱና ባልዲ ያንጠለጥሉበታል፤ እንደ ውሃ የጠራው ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ ያንን ቀቅለው ሽሮፕ ያወጡታል። አንድ ሽማግሌ ግን ከባልዲዎቹ አንዱን አዘንብሎ አሳየ። ውስጡ ያለው ጠቁሯል። ዛፉ ደኅና ነው አለ ሽማግሌው፤ የባልዲው ቅብ ተልጦ ዝጓል፣ ያጠቆረው ብረቱ ነው። ይህን ብሎ በረዶው ላይ ደፋው።

ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። «እስቲ እንደገና አሳዪኝ» አልኳት።

በእኛ በስልጤ አገር እንሰት የሚፋቀው በሴቶች ነው። ወንዱ ተክሉን ገንድሶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጓሮ ብቅ ማለት ነውር ነው፣ ምን እንደተሠራ መጠየቅም ነውር ነው። ሴቶቹ ተጠራርተው ይመጡና፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ግንዱን ጣውላ ላይ እየጫኑ በቀርከሃ ስለት ይፍቁታል፤ ሽታው እርጥብ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚያድር ነው፤ ሐሜቱና ሳቁ ደግሞ ከሥራው ይበልጣል። የተፋቀው ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ውሃው ቀስ ተብሎ ሲደፋ ከሥሩ በረዶ የመሰለ ነጭ ነገር ይቀራል። ቡላ ማለት ያ ነው። የእንግዳ፣ የአራስና የሙሽራ ምግብ ነውና የሴት ልጅ ክብር የሚለካው በቡላዋ ንጣት ነበር።

ሌሎቹ ቤቶች ጭማቂውን ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ያጠራቅሙ ነበር። እኛ ግን በርሜል ነበረን። አባቴ ከመርካቶ ያመጣው፣ ለሁለት የተቆረጠ የዘይት በርሜል፣ ውስጡ ወርቃማ ቅብ ያለው፣ ሴቶቹ ፊታቸውን እያዩ የሚስቁበት። ስንት ክረምትና በጋ ቡላችን ከዚያ ውስጥ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ ክፉ ቀን ሲመጣ በርሜሉን የጠረጠረ አልነበረም።

ለከድጃ ሠርግ እናቴ በርሜሉን ከወትሮው አስበልጣ ልታጸዳው ተነሣች። በአሸዋና በተወቀጠ ገል ፈተገችው፤ ወርቃማው ሁሉ ተልጦ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። የከድጃ አማት ልትሆን ነውና እትዬ ዘይነባም ለመፋቅ መጣች፤ የክብር ቦታ ተሰጥቷት ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጠች። ጭማቂው መውረድ ሲጀምር ጎንበስ ብላ አየችና «አቤት ንጣቱ!» አለች። ከክፉ ዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ አላለችም ተባለ። እኔ ቅጠል እያመላለስኩ ነበር፤ ትበል አትበል አላውቅም፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።

ረግቶ ሲከፈት ቡላው ጠቁሯል። ልክ ዝናብ ያዘለ ደመና መስሎ፣ ጠርዝ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ። አክስቶቼ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቀጥሎም ሁሉም ዓይን ወደ ዘይነባ አጥር ዞረ። ቡላው ለውሻ ተደፋ፤ ውሻው ጠርጎ በልቶ ፀሐይ ላይ ተኛ፣ ከእኛ ቤት ምንም ያልጠረጠረ እሱ ብቻ ነው።

እናቴ ልበ ቢስ አልነበረችም። ሰው በከንቱ እንዳትወነጅል፣ ዘይነባ ሳትጠራ ሌላ እንሰት በድብቅ ይፋቅ አለች። የክፉ ዓይን ርዝራዥ ቀርቶበት እንዳይሆን ብላም በርሜሉን ከመጀመሪያው አብልጣ ፈተገችው። ከመጀመሪያውም አብልጦ ጠቆረ። ይህ ዘይነባን ነፃ ማውጣት ሲገባው ጭራሽ አሰራት፤ «ሳታይ እንኳ ታጠቁራለች፣ በአጥር በኩል ነው የምትልከው» ተባለ። ልጆቼን ሁልጊዜ የምላቸው ይህን ነው፤ መጠርጠር የጀመረ ሰው ማስረጃ ሲያጣ አይተውም፣ ማጣቱን ራሱን ማስረጃ ያደርገዋል።

ከዚያ ወዲያ ከአጥር ማዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይመረመር ጀመር። እሳት መጫጫር ቀረ። የላከችው ጎመን ለከብት ተጣለ። ዶሮ ብታስነጥስ ምክንያቷ ዘይነባ ሆነች። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ወገቧን ይዛ አጥሩ ላይ ቆመች።

«ራህማት! ዓይኔ ይህን ያህል ጉልበት ካለው መጀመሪያ ባሌን ባላየሁበት ነበር?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። እናቴ አልሳቀችም። «ቤትሽ ግቢ፣ ዘይነባ። ልጄን ለዓይንሽ አልሰጥም» አለች።

አባቴ ከመርካቶ ሲመጣ ሠርጉ ፈርሶ ጠበቀው። ለምን አለ። «አልተስማማንም» አሉት። ስለ ቡላ ለወንድ አይነገርም፣ እሱም ስለ ጓሮ መጠየቅ አይገባውም። ዕድሜ ልኩን ብረት የነገደ፣ ዝገትን በአፍንጫው የሚለይ ሰው፣ ከዚያ በርሜል ዐሥር ክንድ ርቆ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። አንዴ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ያበቃ ነበር። ብረት የሚያውቀው ቡላውን አላየም፣ ቡላውን ያዩት ብረት አያውቁም፤ በመሐላቸው ነውር የሚባል ግድግዳ ቆሞ ነበር።

የስልኩን ሽማግሌ አምኜ አልተቀመጥኩም። ሮዘተንቪል ጓሯችን ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የተከለው ሙዝ አለ፤ ሙዝ ደግሞ የእንሰት ዘመድ ነው። ግንዱን ቆርጬ ጭማቂውን ለሁለት ብርጭቆ ከፈልኩና በአንዱ የዛገ ሚስማር ከተትኩ። «አባ ሳይንቲስት ሆነ!» ብላ ሀያት ለወንድሞቿ ጮኸች። ጠዋት አንዱ እንደ ቀጠነ ሻይ ቀልቷል፤ ሚስማር ያለበት ግን ያንን የቡላውን ደመና መስሎ ጠቁሯል።

ናስሩ ከእኔ በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ የወረደ ሰው ነው። እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ በሚባል ሰፈር ውስጥ ፎቅ ሥር የካልሲና የቻርጀር ሱቅ አለው፤ ሳያገባ ጸጉሩ ነጭቷል። ዓርብ ዓርብ መስጊድ በር ላይ በጣት ጫፍ ሰላም እንባባላለን፤ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። በዚያው ጠዋት ሄድኩ። ሲያየኝ ዕዳ ጠያቂ ያየ መሰለ።

«የሸምሱ ልጅ፣ በሰላም ነው?»

«ጋሼ ናስሩ፣ በርሜሉ ነው» አልኩት። «እናትህ አይደለችም። በርሜሉ ነው።» ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ደንበኛ «ሳውቦና ባባ» ብላ በዙሉ ሰላምታ ሰጥታ ካልሲ ጠየቀች፤ መዝኖ እንደሚሸጥ ሰው ይዞት ቆየ፣ ሰጣት፣ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ ልትሞት ስትል ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለኝ። «ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፣ ምናልባት ዓይኔ ክፉ ነው አለች። እህት ወንድሞቼ የልጅ ልጅ ሲያመጡላት ፊቷን ታዞር ነበር። እንዳላየው ብላ።»

የወደቀ ካልሲ አንስቼ ሰጠሁት።

«ለከድጃ ነግረሃታል?»

«ገና ነው።»

«አትንገራት። ሌላ አግብታ የልጆቿን አባት በደኅና ይዛለች። አሁን ብታውቅ ምን ታተርፋለች?»

ልጆቼን እውነት አይደበቅም እያልኩ የማሳድግ ሰው፣ እሺ ብዬው ወጣሁ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። እናቴ እሳት የምትጫጫራትን አንዲት ጎረቤቷን አጥታ፣ ትክክል ነኝ ብላ ሞተች። አባቴ ልጁን ለጎረቤቱ ቤት ለመዳር እንዳማረው ቀረ፤ ለምን እንዳልሆነም ሳያውቅ ተቀበረ። እኔ ንብ ማር አመጣሁ ብትለኝ ጀርባዋን የማነብ ሰው ሆኜ አረጀሁ። ናስሩ ቤት አልሠራም። ከድጃ ደስ ብሏት ትኖር እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም፣ ይህን ደብቄያት ደግሞ ከእንግዲህ መጠየቅ አልችልም። እትዬ ዘይነባ ግን ከሁላችን በላይ ከፈለች፤ የልጅ ልጆቿን አንድም ቀን አልሳመቻቸውም፣ መልካቸውን እንኳ ሳታውቅ ሞተች።