ከተማውን በራሱ ላይ የዘጋው ታፔላ ጸሐፊ

ሰፈሩ «ባቡር» ይለዋል። ታፔላ ጸሐፊ ነው። ስሙ የወጣለት በአፍንጫው ከሚለቀው ጭስ ነው፤ ጎረቤቶቹ እንደሚምሉት ከሆነ፣ ጠዋት ሥራ ሲጀምር ሁለት መንገድ ተሻግረው ያሉ ሴቶች ደመና መስሏቸው ያሰጡትን ልብስ ያነሡ ነበር።

ሲጋራ ሱሱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ነበር። የመጀመሪያውን ቀለም ይቀባና መሰላሉ ሥር ይቀመጣል። ለቀጭን ፊደል ሦስት ሲጋራ፣ ለወፍራም አምስት። ያኔ ቀለሙ ደርቋል፤ ተነሥቶ ሁለተኛውን ይደርባል። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ አንዲት ፊደል አልተዝረከረከችበትም።

ሚስቱ ሲጋራ በከንፈሯ ነክታ አታውቅም። ሳሉ ሲጠናባት ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ አይቶ፣ «ስንት ዓመት አጨሱ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሠላሳ» አለች፤ «በባሌ አፍ።»

ባቡር ያን ዕለት ሳቀ። በዕድሜው ከሳቀው ሳቅ ሁሉ የሚቆጨው ያ ነው። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ እሱ ግን ማጨሱን አልተወም። ብቻ ቤቱ ጭር ሲልበት፣ ያ እንቅልፍ ይነሣው የነበረ ሳል አንዴ ከጓዳ ቢሰማኝ ምነው ይላል።

ከዚያ ሴት ልጁ ያለ ወሯ ወለደች። ሕፃኗ ሁለት ኪሎ አትሞላም፤ ሳንባዋም ገና አልጠናም ተባለ። አያት ክንዱን ዘርግቶ ከተፍ ሲል ልጁ በሩን ሞልታ ቆመች።

«አባዬ፣ ሦስት ወር ሳታጨስ ቆይተህ ና። ያኔ ታቅፋታለህ።»

«ሸሚዜን ቀይሬ ብመጣስ?»

«ሳንባህንስ?»

«ገላዬንም ታጥቤ...»

«እማዬን ታጥበህ ነበር የምትጠጋት?»

ሕፃኗን በሩቁ እንኳ ሳያይ ተመለሰ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሲጋራውን ትቶ ቀን ይቆጥር ጀመር።

መከራ ሲመጣ ተጠራርቶ ነውና፣ በዚያው ሳምንት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ማጨስ በሕግ ተከለከለ። ታፔላውን ማን ይጻፍ? ባቡር! ሻይ ቤቱ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ክሊኒኩ፣ አንድ አልቀረውም፤ «ማጨስ ክልክል ነው» እያለ ከተማውን በገዛ ብሩሹ በራሱ ላይ ዘጋው። ያለ ሲጋራ ግን የቀለሙን መድረቅ በምን ይወቅ? በእርጥቡ ይደርብበታል፣ ፊደሎቹም ወደ ታች ይንጠባጠባሉ። የክሊኒኩ ኃላፊ ቀዩን ታፔላ አይቶ፣ «ደም እንዲመስል ብለህ ነው? ጥበበኛ!» ብሎ እጁን ጨበጠው።

የድሮ የጭስ ባልንጀራው፣ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ግን ተቀይሞታል።

«አንተም ከዳኸን? በገዛ ሳንባችን ምን አገባቸው?»

«በገዛ ሳንባህ ቢቀርማ ማን ይነካህ ነበር። ሻይ የምታቀርብልን ልጅ ያንተን ጭስ አዛለች?»

«ተወኝ እባክህ! አያቴ እስከ ዘጠና ዓመቱ አጭሷል።»

«ሴት አያትህስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አየት አደረገ። «እሷን አላውቃትም። ቀድማው ነው የሞተችው።»

ምላጩን አስቀመጠና ወደ ባቡር ዞረ።

«ታዲያ ሲጋራ ጨርሶ አይሸጥ ትላለህ?»

«ቢከለከል እኔ ከመሬት ሥር ቆፍሬ አወጣዋለሁ። ለሻይ ቤቱ ሕጉ ይበጃል። እኔን የምትከለክለኝ ግን ያቺ ሁለት ኪሎ የማትሞላዋ ናት።»

አፉ ይህን ይበል እንጂ ልቡ ሌላ ነበር። አንድ ቀን የማያውቀውን አጫሽ ጭሱን እያሸተተ ሦስት ፌርማታ ተከተለው፤ ሰውዬው ሌባ መስሎት ሮጠ።

በሰማንያ ሰባተኛው ቀን፣ ለጉብኝቱ የሚሆን ንጹሕ ሸሚዝ ሲፈልግ ከሣጥኑ ሥር የሚስቱን ሹራብ አገኘ። ፊቱን ቀበረበት። የእሷ ጠረንና የእሱ ጭስ አብረው ወጡ፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተው። ሠላሳ ዓመት አብረው የተቀመጡበት ክፍል ድንገት የተከፈተ መሰለው። ሹራቡን እንደያዘ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ፤ አንድ ሲጋራ ለምኖ ለኮሰ። ሚስቱ ግን አልመጣችም። ሲጋራውን ግማሽ ላይ ጣለው።

ዘጠናው ቀን ሲሞላ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ሙሽራ መስሎ ሄደ። ልጁ በሩን በሰፊው ከፈተች፤ ሕፃኗን ዘረጋችለት።

«እንካ አባዬ! ጨርሰሃል።»

የጭስ ጠረን የለበትም። ፀጉር አስተካካዩም ቢገርፉት አይናገር። ባቡር ግን ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣመረ።

«ከሦስት ቀን በፊት ስቤያለሁ። እንደ አዲስ ቁጠሪልኝ።»

«ሙሉ?»

«ግማሽ።»

ልጁ ሕፃኗን ወደ ደረቷ መለሰች። «ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር።»

«ሳንባዋ ያውቅ የለ?»

ትክ ብላ አየችውና፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ወንበር በሩ ሥር አኖረችለት። «ግባ። ከዚያ እንዳትነሣ።»

ተቀመጠ። እጆቹን ማመን ቢያቅተው ጭኑ ሥር ወሸቃቸው። ከክፍሉ ማዶ ሕፃኗ አዛጋች፤ ከዚያች ጡጫ ከምታህል ፊት እንዲያ ያለ ማዛጋት! ቤቱን ሁሉ የምትውጠው መሰለው። አንገቱን አስግጎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አያት።

«ሌላ ዘጠና ቀን ትችላለህ?» አለች ልጁ ቀስ ብላ።

«የበፊቱን ስጀምር» አለ ባቡር፣ «ስታዛጋ አላየኋትም ነበር።»