የግርማ ባለ አምስት ማርሽ ጎማ

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሞተር የገጠመበትን ቢስክሌት እየገፋ ወደ መለዋወጫ ሱቄ መጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የዳሞታ ተራራ ግማሹ በጉም ተሸፍኗል። «ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ይበራል፣ ዳገት ላይ ግን ይሞትብኛል። ማርሽ ብጨምርበት ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። የሚፈልገውን ዕቃ ሰጠሁት፤ የማውቀውንም ነገርኩት። ከሄደ በኋላ ግን ሥራ አልገፋ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በሃያ ዓመቴ ጠይቄ ነበር።

ያኔ ሶዶ ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ወንጌላዊ ስለነበር ቆላ ወዳለችው ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ያሉትን ትንንሽ አጥቢያዎች በቢስክሌት እየዞረ ያስተምራል። ወደ ቆላው መውረዱ ቀላል ነው፤ ሲመለስ ግን መንገዱ አቀበት ነው። ጉልበቱን ማመም ሲጀምረው ከተጣለ ሞፔድ፣ ከትንሽ ሞተር ሳይክል ላይ፣ ሞተር ፈትቼ ገጠምኩለት። በሰፈሩ እንደ መሐንዲስ ታየሁ። ማታ ሲገባ «ሞተሩ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርክህ» ይለኛል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ እናቴ ያቀረበችለትን ጎዳሬ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድቁስ፣ እያጠቀሰ ይበላል።

አንድ ቀን በቆሎ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ከዲምቱ ስመለስ አቀበቱ መሐል ላይ አየሁት። ኮቱ በዝናብ ርሷል። ያንን ሞተር የተሸከመ ቢስክሌት በሁለት እጁ እየገፋ፣ በየአምስት እርምጃው ይቆማል። ድሮ የሚገፋው ቀላል ቢስክሌት ነበር፤ ያከበድኩበት እኔ ነኝ። ሹፌሩን አቁምልኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና ፊቴን አዞርኩ። ማታ «ሞተሩ ጥሩ ነው» አለኝ፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

በማግስቱ ወደ ጓደኛዬ ወደ ግርማ ሄድኩ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ቶርኖ ቤት የከፈቱ ብረት ሠራተኛ ነበሩ። ግርማ ቀን ከአባቱ ጋር ብረት ይቀርጻል፣ ማለዳ ማለዳ ደግሞ በኮርሳው፣ በእሽቅድምድም ቢስክሌቱ ማለቴ ነው፣ ልምምድ ይሠራል። የኮርሳው የኋላ ጎማ አምስት ማርሽ ነበረው። እንዲህ ያለ ጎማ በከተማው ሌላ ማንም ዘንድ አልነበረም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሐዋሳ ላይ ውድድር አለው።

ሐሳቤን አስረዳሁት። ሞተሩ የኋላውን ጎማ በቀጥታ ከሚስብ መጀመሪያ የፔዳሉን ጥርስ ቢያዞር፣ ከዚያ ካቴናው ኃይሉን ለአምስቱ ማርሽ ቢያደርስ፣ የማይወጣው ዳገት አይኖርም። ግርማ ብዙ ካሰበ በኋላ ጎማውን ራሱ ፈታልኝ።

«ለሙከራ ብቻ ነው» አለኝ። «ከሠራ ሌላ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን። እስከ ዓርብ መልስልኝ።»

«እመልሳለሁ።»

«ደግሞ ስማኝ፣ ማርቆስ። ማርሽ ስትቀይር ቤንዚኑን ልቀቅ። ሰው ሲቀይር እግሩ ራሱ ያውቃል፣ ቀለል ያደርጋል። ሞተር ይህን አያውቅም።»

ሦስት ቀን ቶርኖ ቤት ዋልን። ፔዳሉ ከሞተሩ ጋር አብሮ እየዞረ እግር እንዳይመታ የሚያደርገውን ብረት አባቱ ቀረጹልን። ሐሙስ ከሰዓት ግርማን ሳልጠብቅ ብቻዬን ወጣሁ። አቀበቱ ሥር ስደርስ ማርሹን ቀየርኩ፤ ሞተሩ አልሞተም። ዳር ዳሩን ያለው እንሰት ወደ ኋላዬ ሲያልፍ ሳቄ መጣ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ። አባቴ በዚህ ላይ ተቀምጦ ሲወጣ ታየኝ። ከዚያ መንገዱ የባሰ ቀጥ አለ። ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ ቤንዚኑን ጨብጬ እንደያዝኩ የመጨረሻውን ማርሽ ሳብኩ።

ካቴናው ከማርሹ ዘሎ በጎማው ሽቦዎች መሐል ገባ። ሽቦዎቹ ተራ በተራ ሲበጠሱ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ራሴን ቦይ ውስጥ አገኘሁት። እጄ ተልጧል። ቸርኬው ተጣሟል፣ ማርሾቹም ተንጋደዋል።

ቶርኖ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጎማውን አሳየሁት። ግርማ ተቀብሎኝ እያገላበጠ አየው።

«ቤንዚኑን ለቀኸው ነበር?»

«አልለቀቅኩትም።»

«እጅህን ታጠብ፤ ቆሻሻ ገብቶበታል» አለኝ።

ሌላ ጎማ በጊዜው ስላልተገኘ ሐዋሳ አልሄደም። ውድድሩ በተደረገበት ቅዳሜ ከእኔ ጋር ቶርኖ ቤት ነበር። ከአምስቱ ማርሾች ሦስቱን አቃንቶ በአባቴ ጠንካራ ጎማ ላይ ገጠማቸው። እኔ መፍቻ አቀብለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ዐይኑን ማየት አልቻልኩም፤ ይቅርታም አላልኩትም።

ሰኞ አባቴ ወደ ዲምቱ ወርዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። «አቀበቱን ሙሉ ተቀምጬ ወጣሁ» አለኝ። «ዛሬ አንዴም አልወረድኩም።» ያለውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።

ለግርማ አዲስ ጎማ እስኪመጣ ዓመት አለፈ። በዚያ መሐል አባቱ ታመሙ፣ ቶርኖ ቤቱ በእሱ ላይ ወደቀ፤ ውድድርም በዚያው ቀረ።

ተማሪው የመጣ ዕለት ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ወደ ግርማ ሄድኩ። አሁን ማሽኑን ልጆቹ ያንቀሳቅሱታል፤ እሱ ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት።

«ያ ውድድር ይቆጭሃል?»

«አዎ» አለ ሳያመነታ። «በዚያ ዓመት እግሬ ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ልጁን ጠርቶ ሁለት ሻይ አዘዘ።

ለዓመታት የፈራሁት ይህን መልስ ነበር። «ተወው፣ የልጅነት ነገር ነው» እንዲለኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። ሲነግረኝ ግን እንደጠበቅኩት አልከበደኝም። እንዲያውም ያቺ ቅዳሜ ምን ያህል ዋጋ እንደነበራት የገባኝ አሁን ነው፤ ሐዋሳ ላይ ሌሎች ሲወዳደሩ እሱ የእኔን ጥፋት በመዶሻ ሲያቃና የዋለው እየቆጨው ነበር። ሻዩ ሲመጣ «ይቅርታ» አልኩት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።